ስድስት ጊዜ የታረቁት አባትና ልጅ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ዳይሬክተሩን ሳይሰድብ ፊልሙን ያየ ሰው አላውቅም። አደባባይ ላይ «ባለጌ» የሚለው ሁሉ ቤቱ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ያየዋል። የባጃጅ ሾፌሮች የፊልሙን ንግግር በቃላቸው ይዘው ይቀላለዱበታል። ሞባይል ቤቶች በሚሞሪ እየገለበጡ ሸጡት፤ እሱ ግን ከዚያ ሁሉ ያገኘው ስድብ ብቻ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ እሱ አጠገቤ ሱቅ ያለው የሠርግ ቪዲዮ ቀራፂ። የመጀመሪያ ፊልሙ ላይ አንድ ቤተሰብ «ለልጃችን መቋቋሚያ» ብሎ በሠርጉ እንግዳ ፊት የሰጣቸውን ፍየሎች በማግስቱ ለጎረቤት ሲመልስ ያሳያል። ለካ የተዋሱት ፍየል ኖሯል። ይህ በከተማችን በስንት ቤት እንደተደረገ አላህ ይወቀው። ሰው ግን ጣቱን የቀሰረው በአንድ የተከበሩ ሽማግሌ ላይ ነው፤ እሳቸው ልጃቸውን ከዳሩ ወር አልሞላም ነበር። እውነቱን ለመናገር ዳይሬክተሩም ነገሩን ያየው እዚያው ሠርግ ላይ፣ ሊቀርፅ ተጠርቶ ነው። ሰውየው ገበያ ሲወጡ «ፍየሎቹ ደህና ናቸው?» ይሏቸው ጀመር። ከዚያ ወዲህ ዳይሬክተሩን ሰላም ብለውት አያውቁም። ለሠርግ የሚጠራውም ሰው ጠፋ፤ ካሜራ ያዡም ጥሎት ሄደ።

«አንቺ እጅሽ አይንቀጠቀጥም» ብሎ ካሜራውን ለእኔ ሰጠኝ። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። የጀመርኩትን ቀሚስ እንኳ ሳልጨርስ ተከተልኩት።

ሁለተኛውን ፊልም ለመሥራት ያለችውን ባጃጅ ሸጠ። የቀረን የመጨረሻው ትዕይንት ነበር። አባቱን የበደለ ልጅ ድንጋይ ተሸክሞ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ይጠይቃል፤ አባት እምቢ ብሎ ይሄዳል፤ ልጁ ከነድንጋዩ ይቀራል። በእኛ አገር ድንጋይ የተሸከመ ሰው «ጣለው» ሳይባል አይቀርም። ዳይሬክተሩም የፈለገው ይህንኑ ነው፤ ተመልካቹ ተናዶ ከወንበሩ እንዲነሳ።

ስህተቱ እውነተኛ ሽማግሌዎች መጥራቱ ነበር። ሦስት መጡ፤ ሦስተኛው እኚያው የፍየሉ አባት ናቸው። ለሽምግልና የተጠራ አይቀርምና መጡ፤ ዳይሬክተሩን ግን ቀና ብለው አላዩትም።

ከሮቢ ወንዝ ዳር፣ ማንጎ ሥር ጀመርን። ልጅ ሆኖ የሚጫወተው ድንጋዩን ተሸከመ። አባት ሆኖ የሚጫወተው መምህር እምቢ ብሎ ሊነሳ ሲል ሽማግሌዎቹ ክንዱን ይዘው አስቀመጡት። «ተዉት፣ ይሂድ» አለ ዳይሬክተሩ። እሺ አሉ። በሁለተኛው ሙከራ ትልቁ ሽማግሌ የመምህሩ እግር ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ። በሦስተኛው መምህሩ ራሱ አለቀሰና «አውፍ ብያለሁ» ብሎ ልጁን ይቅር አለው። ስድስት ጊዜ ሞከርን፣ ስድስት ጊዜ ታረቁ። እኔ ካሜራው በሳቄ እንዳይናጋ ከንፈሬን ነክሼ ይዣለሁ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ ዳይሬክተሩ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«አባቶቼ፣ ይሄ እኮ ፊልም ነው» አላቸው።

«ልጄ፣ ፊልሙ ያንተ ነው» አሉት ትልቁ ሽማግሌ። «ድንጋዩ ግን የእኛ ነው። ሰው ተሸክሞት እያየን እንዴት እንነሳ?»

ያኔ የፍየሉ አባት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «አንተው ተሸከመው።»

ዳይሬክተሩ ድንጋዩን ከተዋናዩ ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረገና እፊታቸው ተንበረከከ። «እንጀራዎን በልቼ ያየሁትን ገመናዎን አደባባይ አውጥቻለሁ። አውፍ ይበሉኝ።» ትወና እንዳልሆነ ሁላችንም አወቅን። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሰውየውን ሊይዟቸው ሲሉ እሳቸው አስለቅቀው ተነሱ፤ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በሽንኩርት ማሳው መሃል ሄዱ። ዞር አላሉም።

ዳይሬክተሩ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ «እየቀረፅሽ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

እየቀረፅኩ ነበር። ጠላሁትም፣ ወደድኩትም። ማንም «ጣለው» ሳይለው ድንጋዩን ራሱ መሬት አስቀመጠና፣ ማታውኑ የአባትና የልጁን ታሪክ አቋርጦ ፊልሙን በራሱ ይቅርታ ሊጨርስ ወሰነ። ሁለቱን ሽማግሌዎች ለፈቃድ ቢልክ ሰውየው «ያሳይ። መታየት ምን እንደሚመስል እሱም ይቅመሰው» ብለው መለሱ።

በከተማው አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሳየነው። ሰው መስኮት ላይ ሳይቀር ተንጠልጥሏል፤ ሙቀቱ አያድርስ ነው። መጨረሻው ላይ ማንም አልሳቀም። መብራት ሲበራ ሰውየው ከፊት ወንበር ተነሱ። መምጣታቸውን አላየሁም ነበር።

«ያን ቀን ማን ‹ጣለው› አለህ?» አሉት።

«ማንም።»

«እንግዲያው ድንጋይ አምጣ።»

ወጣና ከአስፋልቱ ዳር ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ ገባ። በሕዝቡ ሁሉ ፊት አስቆሙት። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ሰውየው ቆይተው፣ ቆይተው ጠጋ አሉት።

«ጣለው። አውፍ ብዬሃለሁ።»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እኔም እያለቀስኩ እስቅ ነበር። ድንጋዩ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ዳይሬክተሩ ዞሮ በዓይኑ እኔን ፈለገ። የሚጠይቀኝን አውቄዋለሁ። ባዶ እጆቼን ከፍ አድርጌ አሳየሁት።