ከዜሮ እስከ አስር

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴ ቢብስብኝ ልጄ ሀያት ካዛንቺስ ካለ ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች። ነርሷ፣ «እናቴ፣ ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ይሆናል?» ስትለኝ አፌ ከኔ ቀድሞ «አልሃምዱሊላህ» አለ። ይህን መልስ ከማን እንደወረስኩት አውቃለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። አባቴ ከሳንባው እጢ ወጥቶለት፣ ደረቱ በጎን ተከፍቶና ተሰፍቶ ሆስፒታል ተኝቷል። ጀርባው ላይ፣ ከአከርካሪው አጠገብ፣ ክር የምታህል ቱቦ ገብታ ሕመም የሚያስታግስ ማደንዘዣ በዝግታ ታስገባለታለች። ቱቦዋን ገና ሳያት ጠላኋት። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች «ጀርባውን የተወጋ ሰው ድጋሚ ቆሞ አይሄድም» ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ስፈጠርም ተጠራጣሪ ነኝ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ክረምት ነበር። ጠዋት ጠዋት አጥሚት በፔርሙዝ ይዤ፣ በባምቢስ በኩል ጭቃውን እየዘለልኩ እደርስና መጀመሪያ የማየው የአባቴን እግር ነው። ጣቶችህን አንቀሳቅስ እለዋለሁ፤ እየሳቀ ያንቀሳቅስልኛል። የማደንዘዣ ሐኪሙ ሲመጣ ዓይኔን ከእጁ አልነቅልም። ልጅ እግር ነው፣ ፈገግታ ያበዛል፤ ፈገግታ የሚያበዛ ሰው አላምንም። ሕመሙን ከዜሮ እስከ አስር ብሎ ይጠይቀዋል፤ አባቴ «አልሃምዱሊላህ» ይላል፤ ሐኪሙ ደስ ብሎት ይሄዳል።

በሦስተኛው ቀን አባቴ አጥሚቱን በእጁ ገፋው። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ አክታው ደረቱ ውስጥ እየተሰማ እንኳ አይስልም። ካላሳለ ሳንባው እንደሚመረቅዝ ሐኪሙ ነግሮናል። በቃ፣ ያቺ ቱቦ ልትገድለው ነው አልኩ። ልነቅላት ቆርጬ ልብሱን ከጀርባው ገለጥኩ። ጀርባው ርሷል፣ አንሶላውም ርሷል። ፕላስተሩ ለቅቆ ቱቦዋ ወጥታለች፤ መድኃኒቱን የሚጠጣው ፍራሹ ነው።

ሐኪሙን በጋዋኑ ጎትቼ አመጣሁት። አይቶ ደነገጠ።

«አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት?»

አባቴ ወደ እኔ አየ። «ከትናንት ጠዋት። ይቺ ልጅ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።»

«ስንት ይሆናል?»

«አስር» አለ አባቴ፣ እንዳፈረ ሰው።

ተናደድኩበት፤ አለቀስኩም። ሌላ ቱቦ ሲያስገቡለት እጁን የያዝኩት እኔው ነኝ። ሕመሙ ጋብ ሲልለት ከሰዓት በኋላ አሳለ። ሳል ሰምቼ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ኋላም በገዛ እግሩ ሄዶ ቤቱ ገባ። ቱቦዋን ስጠረጥር፣ ሐኪሙን ስጠረጥር ሰንብቼ፣ የሚዋሸኝን ሰውዬ አጥሚት አጠጣው ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ሀያት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ዓይኗን ሳየው የራሴው ዓይን ነው።

«እማ፣ ቁጥሩን ንገሪያት» አለችኝ።

«ስድስት» አልኩ። አሁንም ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

«እሺ፣ ስምንት።»