ያለ ሁለት ምስክር ማንም አይሞትም

የማኅበራችንን የለጋሾች ክፍል ለብዙ ዓመታት የመሩት ወይዘሮ ዘነበች በአጭር ሕመም አርፈው፣ ባለፈው ሳምንት በትውልድ ከተማቸው በማሻ የቀብራቸው ሥርዓት ተፈጽሟል። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የማረዳው እኔ በየነ ነኝ። መርዶው በእኔ አፍ እንደሚነገር ቢያውቁ ኖሮ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው፣ «ሁለተኛው ምስክርስ ማን ነው፣ ጋሽ በየነ?» ባሉ ነበር። ለምን እንዲህ እንደሚሉ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ። ለጊዜው ግን እመኑኝ፤ ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ የማሻም ጭቃ ከጫማዬ ገና አልለቀቀም። ጫማ ቶሎ የሚጠርግ ሰው ስላልሆንኩ ይህ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ።

ማኅበራችን ሚዛን ተፈሪ ላይ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን በየቤታቸው እየዞረ የሚረዳ ነው። የሚኖረውም የከተማው ነጋዴና መምህር፣ የሸኮና የቴፒ ገበሬ በሚሰጡት ነው። ወይዘሮ ዘነበች ከመምጣታቸው በፊት እነዚህን ለጋሾች ሁሉ የሚያውቅ አንድ መዝገብ ብቻ ነበረን፤ መዝገቡም እኔ ነበርኩ። እርግጥ ካርዶች የታጨቁበት የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ነገር ግን ካርዶቹ ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍ ከእኔ በቀር የሚያነበው ስላልነበረ ያው እኔው ነኝ። አንዳንዱንማ እኔም አላነበውም ነበር፤ በግምት ነበር የምሄደው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ማኅበሩ ያቆየኝ ስለዚያ ቆርቆሮ ሲል ነው። ቆርቆሮው ከክፍሉ የወጣ ዕለት እኔም ተከትዬው እንደምወጣ አውቅ ነበር። ስለዚህ ወይዘሮ ዘነበች በመጡ በዓመታቸው «ለለጋሾቻችን ሲስተም እናስገባለን» ሲሉ ደስ አላለኝም። እኔ ሲስተም የሚባለውን ነገር የማውቀው በባንክ መስኮት ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ «ሲስተም የለም» ነው የሚሉኝ። የሌለ ነገር እንዴት ይገዛል ብዬ ተሟገትኩ።

ያነሳሳቸው ግን የእኔው ወባ ነበር። ሦስት ሳምንት ተኝቼ ስመለስ ለአንድም ለጋሽ ምስጋና አልተጻፈለትም። በየዓመቱ ማር የሚያመጡልን የሸኮው አቶ ሞገስ፣ «ማሬ ምን ሆኖባችሁ ነው ዝም ያላችሁኝ?» ብለው ሰው ልከዋል። ወይዘሮ ዘነበች አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው ብርቱካን እየላጡልኝ፣ «ጋሽ በየነ፣ እርስዎ በታመሙ ቁጥር ማኅበሩ አብሮዎት መተኛት የለበትም» አሉኝ። ብርቱካኑ ጣፋጭ ነበር፤ ንግግሩ ግን ጎረበጠኝ።

ሦስት አቅራቢዎች ሲስተማቸውን ሊያሳዩን መጡ። የመጀመሪያው ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ክራቫት ያሰሩ ሰው ናቸው። ግድግዳው ላይ ባለ ቀለም ክቦችን ሲያበሩብን እኔ ወዲያውኑ ተሸነፍኩ። ወይዘሮ ዘነበች ግን ከጠረጴዛው ሥር የአቶ ሞገስን የማር ገንቦ አውጥተው ሰውየው ፊት አስቀመጡት።

«ይህን ይመዝግቡልኝ።»

«ዋጋውን ስንት እንበለው?» አሉ ሰውየው።

«ዋጋ አልተጠየቁም። ማር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ማር ሲቆረጥ ይመጣል።»

«ሲስተሙ የሚቀበለው ብር ነው፣ እመቤቴ።»

«እንግዲያው አቶ ሞገስን አይቀበላቸውም» ብለው ገንቦውን መልሰው ወሰዱ።

የሁለተኛው አቅራቢ ሲስተም ማሩን ተቀበለ። ደስ ብሎን ሳንጨርስ መብራት ጠፋ፣ ኔትወርኩም አብሮ ሄደ፣ ሲስተሙም ከነማሩ ተሰወረ። እንግዳው ሰውዬ፣ «ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ሻማ ፍለጋ ላይ ነበርን።

ሦስተኛው ኢዘዲን የሚባል የጅማ ሰው ነበር። ገንቦውን ዐይቶ፣ ጭንቅላቱን አክኮ፣ «አሁን አይችልም» አለ። «ሁለት ሳምንት ከሰጣችሁኝ ግን ማሩንም፣ ጀንፈል ቡናውንም፣ የጉልበት ሥራውንም እንዲመዘግብ አድርጌ አመጣዋለሁ። ያለ ኔትወርክም ይሠራል።» ወይዘሮ ዘነበች የመረጡት እሱን ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «አይችልም ማለት የቻለው እሱ ብቻ ነው» አሉኝ። አስከትለውም፣ «ደግሞ የምመርጠው ኮምፒውተር ለሚያውቁት አይደለም፤ ለእርስዎ ነው። እርስዎ ከቻሉት ማንም ይችለዋል» አሉ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

እንደ ፈራሁት አልተባረርኩም። ይልቅ ያን ክረምት ሙሉ ከአጠገባቸው ቁጭ ብዬ ካርዶቼን አነበብኩላቸው፤ እሳቸው መዘገቡ። ዝናቡ ቆርቆሮ ጣሪያውን ሲደበድበው እኔ እጮሃለሁ፣ እሳቸው «ይድገሙልኝ» ይላሉ። ካርዱ ላይ «አንድ ኬሻ ጀንፈል» የሚል ሲያገኙ፣ «የየትኛው ዓመት? ራሱ አመጣው ወይስ ላከው? ለማን ቤት ሄደ?» ይሉኛል። እንደ እሳቸው እምነት የሰጪው ስም ተቀባዩ ዘንድ ካልደረሰ ስጦታው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ለዚህም ሲሉ ቤንችኛ ተምረው ነበር፤ ለአንዲት አሮጊት ቡናውን ያመጣላቸውን ሰው ስም በገዛ ቋንቋቸው ለመንገር።

የተጣላነው በአያት ስም ላይ ነው። ሲስተሙ የሰውየውን ስም፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ ከዚያም ቀበሌውን ይጠይቃል። እኔ ደግሞ፣ «ተስፋዬ ገብሬን የማያውቅ ማን ነው? አያቱን ከመቃብር ምን ያስቀሰቅሰናል?» ብዬ እከራከራለሁ።

«እርስዎ ያውቁታል፤ ሲስተሙ አያውቀውም» ይሉኛል።

«እኔን ይጠይቀኝ!»

እሳቸው ለሥራ ወደ ቴፒ በሄዱባቸው ቀናት ብቻዬን መዘገብኩ። አያትና ቀበሌ የሚጠይቁትን ቦታዎች በሙሉ ጭረት አድርጌባቸው አለፍኩ። በአንድ ቀን የሳምንት ሥራ ጨረስኩ፤ ሲመለሱም በፍጥነቴ ተመጻደቅሁባቸው።

ክረምቱ ወጥቶ አንድ የገበያ ቀን ተስፋዬ ገብሬ መሞቱን ሰማሁ። ሲስተሙ ውስጥ ሰው ሲሞት የሚነካ ትንሽ ሳጥን አለ፤ «በሕይወት የለም» ይላል። እሱ ሲነካ የምስጋና ደብዳቤዎች ይቆማሉ፣ ለቤተሰብ የሚሄደው የኀዘን መግለጫ ራሱ ተጽፎ ይወጣል። ስሙን ፈለግኩ፣ የመጀመሪያውን ተስፋዬ ገብሬ ጠቅ አደረግኩ፣ ደብዳቤውን አትሜ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ወደ ቴፒ ላክሁ። ይህን ሁሉ ያለ ማንም እርዳታ ነው የሠራሁት፤ ያን ቀን በራሴ ኮርቼ ነው የዋልኩት።

በሦስተኛው ቀን የቴፒው የቁንዶ በርበሬ ነጋዴ አቶ ተስፋዬ ገብሬ ደብዳቤውን በእጃቸው ይዘው ከቢሮአችን ገቡ።

«ጋሽ በየነ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቀብሬ እንዴት ነበር? ደመቅ ብሎ ነበር?»

ሰውየው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ከገበያ ስመለስ ደጄ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ‘ማን ሞተ?’ ብዬ ጎረቤቴን ብጠይቀው እሪ ብሎ ሮጠ። ሚስቴ እያለቀሰች ወጣች፤ ስታየኝ ደግሞ በመደሰት ፈንታ በጥፊ ልትለኝ ነበር። ‘የት ነበርክ?’ ትለኛለች!»

የሞተው የሸኮው ተስፋዬ ገብሬ ነበር፤ የእኔ ጭረት ሁለቱን እንዳይለዩ አድርጎ የቴፒውን አስነክቶኛል። የቴፒው ሰው ይስቁ ነበር፤ እኔም ልስቅ ስል ወይዘሮ ዘነበች ከኮምፒውተሩ ቀና አሉ። ፊታቸው ልክ አልነበረም። «ለሸኮው ተስፋዬስ ምን ሄደለት?» አሉ። ፈልገው አገኙት። በዚያው ሳምንት ለሟቹ በስሙ የምስጋና ደብዳቤ ሄዶለታል፤ መጨረሻው ላይም «በመጪው ዓመትም እንጠብቅዎታለን» ይላል። ደብዳቤውን የተቀበሉት ባለቤቱ ወይዘሮ ብርቅነሽ ናቸው፤ ገና ከል ለብሰው።

የማኅበሩ ቦርድ ተሰበሰበ። «ጋሽ በየነ በክብር ይሰናበቱ» የሚል ሐሳብ ቀረበ። በክብር የሚለው ቃል ሲጨመር ነገሩ እንዳለቀ የገባኝ ሰው ነኝና ቆርቆሮዬን በዐይኔ ፈለግኩ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ዘነበች ተነሡ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ባዶውን ማለፍ የሚያስችል ቦታ ትቼ ሰው ላይ አልፈርድም። ቦታውን አስተካክላለሁ። ጋሽ በየነን ካሰናበታችሁ ግን እነዚያን ጭረቶች በአያት ስም የሚተካልኝ ሰው አምጡልኝ።» ማንም አላመጣም። እኔም ቀረሁ።

በዚያው ሳምንት ኢዘዲን ተጠርቶ መጥቶ የአያት ስም ካልተሞላ ሲስተሙ ወደ ፊት እንዳይሄድ አደረገ። «በሕይወት የለም» የሚለውን ሳጥን ለመንካት ደግሞ የሁለት ምስክሮች ስም ይጠይቃል፤ አንደኛው ቀብሩ ላይ የቆመ መሆን አለበት። «ከእንግዲህ በእኛ ቤት ያለ ሁለት ምስክር ማንም አይሞትም» ብለው ወይዘሮ ዘነበች ደንብ አወጡ። ሳጥኑንም የሚነካ አንድ ሰው ብቻ ተመደበ፤ እኔ። «ለምን እኔን?» ስላቸው፣ «እንደ እርስዎ የሚፈራው አይገኝማ» አሉኝ።

ወደ ሸኮ ግን ይዘውኝ ሄዱ። ሚኒባሱ ውስጥ እንዴት ይቅርታ እንደምጠይቅ ስለማመድ፣ «እርስዎ ዝም ይበሉ፤ ሟቹ ይናገር» አሉኝ። ወይዘሮ ብርቅነሽ ቤት ተቀምጠን ከሲስተሙ ያተሙትን አንድ ገጽ አነበቡላቸው። ከእኔው የቆርቆሮ ካርዶች የወጣ ነበር፦ አቶ ተስፋዬ በየዓመቱ ያመጡት ጀንፈል፣ ለአንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ሁለት ቀን ሙሉ የከደኑት ጣሪያ፣ ለአንድ ሽማግሌ በቃሬዛ ሐኪም ቤት ድረስ የሰጡት ትከሻ። ወይዘሮ ብርቅነሽ ወደ ጣሪያው መለሱን።

«ጣሪያ ከደነ? ለእኔ ‘ማሳ ላይ ነበርኩ’ ነበር ያለኝ።» ከዚያ እያለቀሱ ሳቁ። «የእኛን ጣሪያ እኮ በስንት ጭቅጭቅ ነው የከደነው!»

ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ጀንፈሉ በባላቸው ስም ሳይቋረጥ ይመጣል። በመመለሻችን ወይዘሮ ዘነበች በመስኮቱ ደኑን እያዩ፣ «ቆርቆሮዎን የተጣላሁት መስሎዎት ነበር» አሉኝ። «እኔ የፈራሁት ውስጡ ያለው ከእርስዎ ጋር እንዳይቀበር ነው።» ስለ ሥራዬ የሰማሁት ትልቁ ምስጋና ይህ ነው፤ የተነገረኝ ግን ስለ ቀብሬ እየታሰበ ነው።

ወይዘሮ ዘነበች፣ አሁን ደግሞ ለእርስዎ ልንገርዎ። ዛሬ ጠዋት ሲስተሙን ከፈትኩ። ስምዎን ስፈልገው ራስዎ የመዘገቡት ሆኖ አገኘሁት፤ ዘነበች አደሎ ሻዎ፣ ጭረት የሌለበት። ከሥሩ ምን እንደ ሰጡ አስፍረዋል፦ «ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የአሮጊቶች ፀጉር ማጠብ።» ሌላ ምንም አልጻፉም። አብሬዎት ስሠራ ኖሬ ቅዳሜ የት እንደሚሄዱ አለማወቄን በዚህ ዕድሜዬ ሲስተሙ ነገረኝ። ያኔ «እኔን ይጠይቀኝ» ያልኩትን አሁን አንስቻለሁ።

ሳጥኑ ሁለት ስም ጠየቀኝ። አንደኛው እኔ ነኝ። ለሁለተኛው ማሻ ላይ አጠገቤ ለቆሙት ለቴፒው አቶ ተስፋዬ ደወልኩ። «እኔ አንዴ የሞትኩ ሰው ነኝ፤ ምስክርነቴ ይጸናል?» አሉኝ። ከዚያ ራሳቸው፣ «ጻፈኝ፣ ጋሽ በየነ» አሉ። ጻፍኳቸው። ሳጥኑን ነካሁት።

ስምዎ አልጠፋም። ከነአባትዎ፣ ከነአያትዎ፣ ከነቅዳሜዎ እዚያው አለ። ቅዳሜዎቹን የማኅበሩ ሴቶች ተከፋፍለዋቸዋል፤ ለእኔ ውኃ ማሞቅ ደርሶኛል፣ ከዚህ በላይ ማንም አላመነኝም። በደንብ ይረፉ፤ እዚህ ያለው ሥራ በቦታው ነው። ማሻ ላሉት እህትዎ የሚሄደው የኀዘን ደብዳቤም ታትሞ ኪሴ ውስጥ ገብቷል። ነገ ወደ ማሻ ይዤው የምሄደው ራሴ ነኝ፤ ለሹፌር አልሰጥም።