እርፍ የሚጨብጥ እጅ

በማስተር ፕላኑ ግርግር ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። እኔ ግን ሥራ አልፈታሁም! ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንድ እጅ በፌስታል ይዤ ከሰበታ ተነሳሁ። አትደንግጡ፣ ራሴ የሠራሁት ነው። መዳፉ ወይራ፣ ጣቶቹ የውሃ ቧንቧ፣ ጅማቱ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ። ትከሻ ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ሲሳብ ጣቶቹ ይጨብጣሉ።

እጁ ሱሉልታ ለሚኖሩት ለእናቴ አጎት ለኦቦ ቶሎሳ ነው። ግራ እጃቸውን የወፍጮ ቀበቶ ከወሰደባቸው ወዲህ አላረሱም። ማሳው ዘንድሮም ጦሙን ካደረ «ባለቤት የለውም» ተብሎ እንዳይወሰድባቸው ፈርተዋል። ክረምቱ ደግሞ ደርሷል። አብሮኝ የሄደው ብስክሌት ጠጋኙ አጎቴ ጋሼ ግርማ ነው።

ቡራዩ፣ ሦስት ሰዓት

እዚህ የወረድነው ለክንዱ ማቀፊያ ቆዳ ፍለጋ ነበር። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። አንድ የቆዳ ነጋዴ፣ ሐጂ ሰዒድ፣ በራቸውን ገርበብ አድርገው አጮለቁ፤ ቆዳ እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

«ዛሬ ደግሞ ማን ጫማ ይሠራል ልጄ?»

«ጫማ አይደለም ሐጂ፣ እጅ ነው» ብዬ ፌስታሉን ከፈትኩ።

«ያ አላህ!» በሩን ሊዘጉብኝ ምንም አልቀራቸውም። ጋሼ ግርማ በሳቅ ሞተ። ነገሩ ሲገባቸው ለስላሳ የበግ ቆዳ መርጠው ቆረጡልኝ። ሠላሳ ብር ከፈልኩ።

የሱሉልታ መንገድ

እንጦጦን እንደተሻገርን መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ሹፌሩ «መኪናዬን አላስቃጥልም» ብሎ አወረደን። በእግር ስንጠጋ ወጣቶች አስቆሙን። «ኤሳ ዴምቱ?» ወዴት ነው? በኦሮምኛ አስረዳሁ። አንደኛው የእንጨቱን እጅ ጨብጦ «አካም ጅርታ?» ብሎ ሰላምታ ሰጠው፤ ሁሉም ሳቁ። «እለፊ፣ ዶክተር!»

ሱሉልታ፣ ሰባት ሰዓት

ማቀፊያውን በበግ ቆዳው ሸፍኜ ኦቦ ቶሎሳ ክንድ ላይ አሰርኩት። እጁ ኩባያ አነሳ፤ በደስታ ጮህኩ። ወዲያው በሬ ተጠመደ። ኦቦ ቶሎሳ በቀኝ ጅራፉን፣ በአዲሱ ግራ እጃቸው እርፉን ያዙ። አምስት እርምጃ እንኳ አልሄዱም፤ ማረሻው ድንጋይ መታ፣ እርፉ ዘለለ፣ እጁ ከክንዳቸው ተመዞ እርፉ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሚስታቸው ከዳር ሆነው «በሬው እጅህን ይዞ ሄደ!» አሉ። እንባዬ መጣ። የእጁን አንጓ ከክንዱ ማቀፊያ ጋር በሁለት ብሎን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ የምኮራውም በሱ ነበር።

«ከዚህ በላይ በምን ላጥብቀው?» አልኩ።

«ማጥበቅማ አጥብቀሽዋል» አሉ ክንዳቸውን እያሻሹ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሞፈርና ቀንበር በምስማር ሲያያዝ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሁለቱን ያሰረውን ጠፍር፣ ምራኑን፣ አሳዩኝ። ድንጋይ ሲመታ ቆዳው ይለቃል፣ ይመለሳል። ብረት ቢሆን ኖሮ ሞፈሩ ይሰበር ነበር።

«ትርፍ ምራን አለዎት?»

ብሎኖቹን ፈታሁ። ጋሼ ግርማ ቀዳዳ በሳ፣ እሳቸው በጥርሳቸው ጫፉን ይዘው ጠመጠሙ፣ እኔ አሰርኩ። አስር ሰዓት ላይ እንደገና ማሳው ገቡ። ድንጋይ! አንጓው ታጠፈ፣ ተመለሰ፤ ጣቶቹ ግን አልለቀቁም። ዞር ብለው እንኳ ሳያዩኝ «ሂድ!» አሉ በሬውን፣ እስከ ማሳው ጫፍ።

ሰበታ፣ እሑድ

ቤት ገብቼ ደብተሬን ዘረጋሁ። ቀጣዩ እጅ በአንድ እጃቸው ለሚሰፉት ጎረቤታችን፣ ለልብስ ሰፊዋ ለእትዬ ዘነበች ነው። መሳል ጀመርኩና እርሳሱን አስቀመጥኩት። እጅ የሚታወቀው ከሥራው ነው፤ እኔ ደግሞ የኦቦ ቶሎሳን እጅ የሠራሁት አንድ ቀን እንኳ ሲያርሱ ሳላይ ነው። ነገ ጠዋት እትዬ ዘነበች ስፌት መኪናቸው ጋ ሲቀመጡ፣ እኔም በርጩማ ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።