ስምንተኛው ማዞሪያ

ባለፈው ቅዳሜ ትርንጎ የመጨረሻ ልጇን አስከትላ ወረታ ካለው ሱቄ መጣች። ከቤተሰቦቿ ሩዝ ይመጣላታል፤ ለእንጀራዋ የምትቀላቅለውን ጤፍ ግን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከእኔ ሌላ ዘንድ ገዝታ አታውቅም። ጤፉን ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ መርፌውን ስጠብቅ፣

«ምስጋናው፣ ይቺን ልጅ እስኪ ስማልኝ» አለች። «ትምህርት ቤት ዝፈኚ ብለዋታል። ደህና ትሁን አትሁን እኔ አላውቅ፤ ጆሮ እንደሌለኝ ታውቃለህ።»

እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ግን ዓይኔን ከመርፌው አላነሳሁም። ጆሮ የለሽም ያልኳት እኔ ነኝና።

ነገሩ የሆነው ከሚሊኒየሙ በዓል ሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ጸጉሬ ሙሉ ነበር፤ አፌም እንዲሁ። ባሕር ዳር አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ «ድምፁ የሞተ ኦርጋን» ብሎ ጥግ የጣለውን ዕቃ በርካሽ ገዛሁት። ሰውየው ሰክቶ ሰክቶ አልጮኽ ቢለው ተስፋ ቆርጧል። ዕቃው ግን አልሞተም፤ ከመጀመሪያውም የራሱ ድምፅ አልነበረውም። ኮንትሮለር ነው። ከታች የኦርጋን ቁልፎች፣ ከላይ ስምንት ማዞሪያዎች አሉት፤ ላፕቶፕ ላይ ትሰካውና ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለውን ክራር፣ ከበሮና ቤዝ በእሱ ታዛለህ። የትኛው ማዞሪያ ምን እንደሚያዝ የምትወስነው አንተ ነህ። ይህን ስላወቅሁ ብቻ ራሴን ከሙዚቃ ሊቅ ቆጠርኩ። አንድ ነጋዴ ሌላውን ነጋዴ ሲበልጥ የሚሰማው ኩራት ነበር እንጂ ሙዚቃስ አልነበረም።

ስቱዲዮዬ ከአባቴ የእህል መጋዘን ጀርባ ያለች ክፍል ነበረች። ግድግዳውን የሩዝ ገለባ በሞላ ጆንያ ሸፈንኩት፤ ድምፅ ይውጣል፣ አይጥም ያረባል። ችግሩ ከአጥሩ ማዶ ያለው የሩዝ መፈልፈያ ነው። እሱ ሲያጓራ እንኳን ዘፈን እርግማንም አይሰማ። ስለዚህ የምንቀዳው መብራት ሲጠፋ ነበር። መፈልፈያው ጸጥ ሲል እኛ በላፕቶፑ ባትሪ እንጀምራለን። ከተማው ሁሉ መብራት ጠፋ ብሎ ሲያማርር የምደሰተው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ትርንጎ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ መንደር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ሩዝ ሲታረም የምታወጣው ዘፈን እርሻ አሻግሮ ይሰማ ነበር። በዚያ ታኅሣሥ የዞኑ የባህል ቡድን አንዲት ዘፋኝ እንደሚቀጥር፣ ድምፅ የተቀዳበትን ሲዲ የሚሰበስብ ሰውም ሰኞ እንደሚመጣ ተነገረ። እሷ ቤት ደግሞ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። አባቷ «ከተቀጠርሽ ትዳሩ ይቆያል፤ ካልሆነ ጥር ላይ ትሞሸሪያለሽ» ብለዋታል።

ረቡዕ መብራት ሲጠፋ ቀዳናት። እኔ የኮምፒውተሩን ክራር ቀስ ብዬ እየተጫወትኩላት ዘፈነች። አንድ ጊዜ ብቻ፤ መድገም አላስፈለገም።

ሐሙስ አያ ደምሌ የሚባሉ ዋሽንት ነፊ ከይፋግ መጡ። ዋሽንት አንዴ ከተበሳ እንደተበሳ ነው፤ አይስተካከልም። የእሳቸው ከኮምፒውተሬ ትንሽ ወፈር ይላል። ስለዚህ ስምንተኛው ማዞሪያ የክራሩን ድምፅ እንዲያወፍርና እንዲያቀጥን አዘዝኩትና ከዋሽንቱ እስኪገጥም ወደ ግራ ጠመዘዝኩት። አያ ደምሌ መርቀውኝ ሄዱ። ማዞሪያው እዚያው እንደተጠመዘዘ ቀረ።

ዓርብ ትርንጎ ነጠላዋን አጥባ፣ አንድ እቅፍ የሽምብራ እሸት ይዛ መጣች። ሁለት ጓደኞቼና ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ አንድ መምህርም ነበሩ። መምህሩ የሚያስተምረው ጂኦግራፊ ነው፤ ከአዲስ አበባ ስለመጣ ግን በሁሉም ነገር አስተያየቱ ይፈለግ ነበር። ለብቻው የተቀዳውን ድምፅዋን ከፈትኩና በክራሩ አጀብኩት። ሁለቱ አልተዋደዱም፤ በወሰን እንደተጣላ ጎረቤት ተጠጋግተው ይፋጫሉ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች።

«ድምፅሽ ነዋ። ወደ ላይ ይሸሻል።»

«ረቡዕ'ኮ ደህና ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ረቡዕ አላስተዋልኩትም። ማሽን አይዋሽም፣ ትርንጎ። ጆሮ የለሽም።»

መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። አንዱ ጓደኛዬ «ለበሬዎቹ ይበቃል!» ሲል ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

«እስኪ ልድገመው» አለች፣ ቀስ ብላ። ወዲያው መብራት መጣና መፈልፈያው አጓራ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ምን እንዳለች እስካሁን አላውቅም። እሸቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። በኋላ ተቀምጬ በላሁት። ይህንንም አልደብቅም።

ቅዳሜ ጧት የገለባ አቧራ ከኮንትሮለሩ ላይ ስጠርግ ዓይኔ ስምንተኛው ማዞሪያ ላይ አረፈ። ወደ መሐል መለስኩትና ዘፈኑን ከፈትኩ። ክራሩና ድምፅዋ እንደ በርና መቃን ገጠሙ። የነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ሱቅ ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ባዶውን ሚዛን ነበር፤ መርፌው ዜሮ ላይ ካልቆመ ደንበኛ አያስተናግድም። ያንን እያየሁ አድጌ፣ ሰው በተዛባ ሚዛን መዝኜ «ጎደልሽ» አልኩ።

መሳሳትስ ያለ ነው። የማፍረው ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ሰብሳቢው እስኪመጣ ሁለት ቀን ነበረኝ። ቅዳሜ «ገበያ ነው» አልኩ። እሑድ ወደ መንደሯ መንገድ ጀመርኩ። አስፋልቱ ዳር ሩዝ ተሰጥቶ ሴቶች በእግራቸው ያገላብጡታል፤ ፀሐዩ ገር ነበር። ትንሹ ድልድይ ጋ ስደርስ ግን መምህሩን አሰብኩ፣ ጓደኞቼን አሰብኩ፣ «ማሽን አይዋሽም» ያለ አፌን አሰብኩ። አጠገቡ ካለው ጠላ ቤት ገብቼ ሁለት ጣሳ ጠላ ጠጣሁና ተመለስኩ።

ሰኞ ሰብሳቢው ሲዲዎቹን በፌስታል ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ሄደ። የእሷ አልነበረበትም፤ እኔ ጋ ነው የቀረው። ጥር ላይ ሠርጓን በላሁ። ባሏ ግንበኛ ነው፣ ደግ ሰው ነው፤ ይህን እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን እንዳጽናናሁ! ከዚያ ወዲህ እሷ ስታንጎራጉር እንኳ የሰማሁበት ቀን የለም።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ልጅቱ ጆንያ ተደግፋ ዘፈነች። ያው የእናቷ ድምፅ ነው። ትርንጎ ፊቴን ፊቴን ታያለች።

«እህ? ይሸሻል?»

«አይሸሽም» አልኩ። «ያንቺም አልሸሸም ነበር።»

ነገርኳት። ማዞሪያውን፣ ቅዳሜን፣ ድልድዩን። ጠላውን እንኳ አልዘለልኩም። ልጅቱን «ውጪ ጠብቂኝ» አለቻት። ከዚያ ሚዛኑ ላይ ያለውን ጤፏን በአገጯ እያመለከተች፣

«አውርደው» አለች።

«ምኑን?»

«ጤፉን። ባዶውን አሳየኝ።»

አወረድኩት። መርፌው ተወዛውዞ ዜሮ ላይ ቆመ። አሥራ አምስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቀችኝን ነገር ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ትክክለኛ ሚዛን እንዲህ አሳፍሮኝ አያውቅም።

«እሺ፣ አሁን መዝነው» አለች።

ዛሬ ጧት ሱቅ ስከፍት እንደ አባቴ ባዶውን ሚዛን አየሁ። ቀላል ነገር ነው፤ ጎንበስ ብሎ አንዴ ማየት ብቻ ነው። ለእኔ ግን አሥራ አምስት ዓመት ፈጀብኝ።