ጾሜና የልጄ ልብ

ሐኪሟ «በደንብ ትበያለሽ?» ስትለኝ ዓይኔን ሳላሽ «አዎ» አልኳት። ዋሸሁ። በእኛ አገር የጾመ ሰው ጾሜአለሁ አይልም። እኔም የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ፣ በፍልሰታ ቅዳሴ እስኪወጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ እውል ነበር። የጾምኩትም ለሆዴ ልጅ ነው። ልቧ ከልክ በላይ ይሮጥ ነበርና።

ለዚያ ሩጫ መድኃኒቱን የምውጠው እኔ ነኝ፤ በደሜ አልፎ እሷ ዘንድ እንዲደርስ። በጾሙ አምስተኛ ቀን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ደሜ ሲመረመር ፖታሲየሜ በጣም ወርዶ ተገኘ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ጠበል እየጠጣሁ ያስመልሰኝ ነበር። ሐኪሟ ወረቀቱን አሳየችኝ፤ እውነቱን ነገርኳት።

«ልብ በምትና በምት መካከል የሚያርፈው ፖታሲየም ከሴሉ በር ሲወጣ ነው» አለችኝ። «መድኃኒቱ በሩን በከፊል ይይዛል፣ ዕረፍቱ ይረዝማል፣ ሩጫው ይበርዳል። የልጅሽ ልብ ግን ገና አልጠናም፤ በሮቹ እንደ አዋቂ አልተሟሉም። ምን ያህል እንደሚይዛቸው እኛም በእርግጠኝነት አናውቅም። በዚህ ላይ በጾምና በማስመለስ ደምሽ ውስጥ ፖታሲየም ካነሰ፣ መድኃኒቱ በሮቹን ከልክ በላይ ይይዛል። ያኔ ለሁለታችሁም አደጋ ነው።»

የጎደለውን ፖታሲየም የሚተካ መድኃኒት ሰጠችኝ፤ ጾሙን ተዪ፣ ድንችና ሙዝ ብዪ አለችኝ።

ወደምኖርበት ጅጋ የተመለስኩት በራሴ ተናድጄ ነው። ለልጄ ብዬ የያዝኩት ጾም ልጄን ሊያሳጣኝ ነበር። በማግስቱ ሰው ወደ ቅዳሴ ሲሄድ፣ የቀቀልኩትን ድንች ይዤ በራፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጓዳ ገብቼ መብላት እችል ነበር፤ አልፈለግሁም። ድብብቆሽ የት እንዳደረሰኝ አይቻለሁ።

አብረውን የሚኖሩት አማቴ ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ያይሻል እኮ። ምናለ ጓዳ ብትገቢ?»

«ይየኝ፣ እማማ።»

«ንስሐ አባትሽን ጠይቀሻል?»

«እጠይቃቸዋለሁ። የሆዴ ልጅ ግን እስክጠይቅ አትጠብቀኝም።»

ወደ ቅዳሴ ሄዱ። ማታውን ንስሐ አባቴ ራሳቸው መጡ፤ ወሬው ደርሷቸዋል። «ቀድመሽ ብትነግሪኝ ከመጀመሪያውም አላስጾምሽም ነበር» ብለው መስቀል አሳለሙኝ። አማቴ ግን ጾሙ እስኪፈታ ከእኔ ጋር ማዕድ አልቀረቡም። ከፋኝ፣ አለቀስኩም። እያለቀስኩም በላሁ።

በሳምንቱ ፖታሲየሜ ተስተካከለ። የልጄም ልብ እየረጋ ሄደ፤ በጥቅምት ተወለደች።

ይኸው አራት ዓመት ሆነ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ፍልሰታን የሻረች» እያለ ያማኛል። አዎ፣ ሽሬአለሁ። የሻርኩላት ልጅ ግቢው ውስጥ ዶሮ እያባረረች ነው። ቀስ በዪ አልላትም፤ እስኪደክማት ትሩጥ።