ስምንቱን ፍሬ አሥራ ሁለት ያደረግሁበት ቀን
ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተመደብኩት እጃጂ ነበር፤ ዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ ላስተምር። አምቦ ከተማ ውስጥ ስላደግሁ እርሻን የማውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ተማሪዎቼ ግን አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ናቸው።

ኮቫለንት ቦንድ ላይ ስንደርስ ትርጉሙን በእንግሊዝኛ በአንድ ድምፅ ይሉታል፤ ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፕላዝማ ከተበላሸ ቆይቷል። ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹን በእህል ላሳያቸው አልኩና አከራዬን ትንሽ ሽምብራና በቆሎ ጠየቅኋቸው። ጠዋት በፌስታል የሰጡኝ ተቆልቶ ነበር።

«እማማ፣ ጥሬውን እኮ ነበር የፈለግሁት።»

«ለልጆች ጥሬ እህል ይዘሽ ልትሄጂ?» አሉኝ።

ለየቡድኑ አደልኩ። ቫሌንስ ኤሌክትሮን ማለት በአቶሙ የመጨረሻ ሼል ላይ ያለው ነው። ኦክስጅን ስድስት አለው፣ ስምንት ይፈልጋል፤ ስድስት በቆሎ ሆነለት። ሃይድሮጅን አንድ አለው፣ ሁለት ይፈልጋል፤ ለሁለቱ ሃይድሮጅኖች አንድ አንድ ሽምብራ። እያንዳንዱን ሽምብራ ከአንድ በቆሎ ጋር አጣመርኩና «ኮቫለንት ቦንድ ይህ ነው፤ ጥንዱን ሁለቱም አቶሞች ይጋሩታል» አልኳቸው። ኦክስጅን ስምንት ሞላለት፣ ሃይድሮጅኖቹም ሁለት ሁለት። ውሃ ሆነ።

በዚህ መሃል ምክትል ርዕሰ መምህሩ የግምገማ ቅጽ ይዘው ገቡና ኋላ ተቀመጡ። እኔም ጎበዝ ለመምሰል ቶሎ ብዬ አንዱን ተማሪ ጠየቅሁት፤

«የእናንተ ኦክስጅን ስንት ቫሌንስ ኤሌክትሮን አለው?»

«ስድስት ነበረው» አለ እያኘከ። «አሁን አራት ነው።»

ሳቁ ሳይበርድ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ፍሬው ስምንት ነው። እርስዎ ግን ስምንት፣ ሁለት፣ ሁለት ብለው አሥራ ሁለት አደረጉት። አራቱ ከየት መጡ?»

«ይጋራሉ ብዬሻለሁ።»

«ዳቦ ብንጋራ እኮ ግማሽ ግማሽ ነው የሚደርሰን። ለሁለታችንም ሙሉ አይሆንም።»

አራት ዓመት ስማር ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። መልስ ፍለጋ ጠመኔውን ሳገላብጥ አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ተናገረች።

«መቀናጆ እኮ ነው» አለቻት። «እኛ አንድ በሬ አለን፣ ጎረቤታችንም አንድ አለው። በአንድ በሬ አይታረስም። ሲቀናጁ ጥማድ ይሆናሉ። እኛም በጥማድ እናርሳለን፣ እሱም በጥማድ ያርሳል። በግማሽ በሬ የሚያርስ የለም።»

ጠያቂዋ «እንደዚያ ከሆነ እሺ» ብላ ተቀመጠች። ተገላገልኩ ስል ሌላ እጅ ወጣ።

«የኛ መቀናጆ አጎቴ ነው። ጥማዱ ግን አራት ቀን እሱ ማሳ ላይ ይውላል፣ ለኛ ሁለት ቀን።»

ይህ የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ነበር። «ኦክስጅንም እንደ አጎትህ ነው» አልኩት። «የተጋሩትን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ይስባል።» ልጁ ኦክስጅንን የታዘበው ይመስላል።

ደወል ሲደወል ምክትሉ ቅጹን ሰጡኝ። «የማስተማሪያ መሣሪያ» በሚለው ፊት «ጥሩ፤ ግን ተበልቷል» ብለው ጽፈዋል። ድሮ ኬሚስትሪ ያስተምሩ ነበርና በር ላይ ቆም አሉ።

«ናይትሮጅንስ? ሁለቱ አቶሞች ሦስት ጥንድ ነው የሚጋሩት። ሦስት ጥማድ የሚያቀናጅ ገበሬ አለ?»

«እንጃ፣ ሀብታሞች ይሆናሉ።»

«ለዚያ ነዋ ከሌላ ጋር በቀላሉ የማይገናኙት» አሉና ወደ ቢሯቸው ሄዱ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ አልነበረም፤ ቀልድ ይሁን ማብራሪያ እስካሁን አልገባኝም።