አሜን ያልንበት ስብሰባ

የሰፈራችን የወጣቶች ምክር ቤት አባል ሆኜ በተመረጥኩ ሰሞን ፀጉር ቤቴ አቤቱታ መቀበያ ሆኖ ነበር። ሹሩባ ልትሠራ የመጣች ሁሉ አንገቷን እንደደፋች ብሶቷን ትዘረግፈዋለች፦ መብራቱ ጠፋ፣ ቧንቧው ደረቀ፣ ልጄ ተመርቆ ቤት ተቀመጠ። እኔም አፌ አያርፍም፣ "ግድ የለሽም፣ እናገራለሁ" እላለሁ። እናቴ ትስቅብኛለች። "አንች ልጅ፣ አንችን ሳይሆን ምላስሽን ነው የመረጡት" ትለኛለች።

ከመረጡኝ ሰዎች አንዱን ግን ሳስበው ዛሬም ሆዴ ይባባል። ጋሪ ነጂ ነው፣ እኩያዬ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ፈረስ አለው፤ እናቱንና ታናናሾቹን የሚያስተዳድረው በዚያ ፈረስ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባጃጁ ሞልቷል፤ ነገር ግን እህሉን በጆንያ ጭኖ ለሚመጣ ገበሬ እንደ ጋሪ የሚሆንለት የለም። ጭነቱ የሚወርደው ደግሞ አስፋልቱ ዳር ነው። ከአስፋልቱ የተከለከለ ጋሪ ሥራ የለውም።

በዚያው ሰሞን የሌላ ሰው የጋሪ ፈረስ ደንብሮ አንዲት አሮጊት ረገጠ። እግራቸው ተሰበረ። ሰፈሩ ተቆጣ፤ እውነትም ያስቆጣል። ሽማግሌዎቹ "ጋሪ ከአስፋልቱ ይውረድ" አሉ፤ ቀበሌው ደግሞ "ከወጣቶቹም ጋር ተመካከሩበት" ብሎ ስብሰባ ጠራ። ያኔ ጋሪ ነጂው ፀጉር ቤቴ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

"ካወረዱኝ ቦራን መሸጤ ነው። ከቡሬ አንድ ሰውዬ ሊገዛው እየጠየቀኝ ነው። ድምፄን ለአንች ነው የሰጠሁት" አለኝ።

"እኔ ቁሜ አይሸጥም!" አልኩት። ማበጠሪያውን እያወዛወዝኩ ነበር ያልኩት፤ ወንበር ላይ ያለችው ደንበኛዬ እስክትደነግጥ ድረስ።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የምክር ቤታችን ሊቀመንበር ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የተመለሰ ዝምተኛ ልጅ ነው፤ የሚናገረውን ሲያሰላስል ሰንብቶ ነበር የመጣው። እኔም ብሆን የምለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ጋሪ ነጂው ከበሩ አጠገብ አለንጋውን ይዞ ቆሟል።

ስብሰባውን በምርቃት የከፈቱት የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ቀልድም ፍርድም የሚያውቁ አዛውንት ናቸው። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ቀርተውባቸው፣ ቡሬ መንገድ ላይ ያለችውን እርሻቸውን ለብቻቸው የሚታገሉ ሰው ናቸው። ብድግ አሉ፤ እኛም ብድግ አልን።

"ቆላ ደጋውን ይባርክልን!"

"አሜን!"

"የታመመውን ይማርልን፣ የተሰበረውን ይጠግንልን!"

"አሜን!"

"የልጆቻችንን ልብ ከኛ ልብ ጋር አንድ ያድርግልን!"

"አሜን!"

"ጋሪውንም ከአስፋልቱ በሰላም ያውርድልን!"

"አሜን!"

እኛ አገር ምርቃት ሲወርድ ከንፈሩን ገጥሞ የሚቆም የለም፤ አፍ ራሱ ቀድሞ ይመልሳል። ያልነው ገብቶን ቀና ስንል ዳኛው ኩታቸውን እያስተካከሉ ተቀምጠዋል። "በሉ እንግዲህ፣ አሜን ካላችሁ ነገሩ አለቀ። ቀሪውን ከመጪው ገበያ ጀምሮ ቀበሌው ያስፈጽም" አሉ።

ሊቀመንበራችንም ቁጭ አለ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። "አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ምርቃት ነው ወይስ ውሳኔ?" አልኩ።

"ልጄ፣ አንች አሜን ያልሽው ለየትኛው ነው?" አሉኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌ መርቆ፣ ልጅ አሜን ብሎ፣ ከዚያ ወዲያ መከራከር በኛ ዘንድ ነውር ነው። "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" የሚባልበት አገር ነው። ቁጭ አልኩ።

ስንወጣ ንዴቴን የምጥልበት ሳጣ ጋሪ ነጂው ላይ ጮህኩበት። "አንተስ! ከሁላችን በላይ እየጮህክ አሜን ያልከው ምን ነክቶህ ነው? በገዛ ፈረስህ?"

"ምን ላድርግ? ሲመረቅ ዝም ይባላል እንዴ?" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ፤ እግዚኦ!

ቤት ስገባ እናቴ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷት ጠበቀችኝ። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" ብላ እራቴን ሰጠችኝ። የኔ አሜን የኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግድ አልነበረኝም። ሰው ከመረጠሽ በኋላ ግን አፍሽ የብቻሽ አይደለም፤ ያ ነው ያቃጠለኝ።

በማግስቱ የምክር ቤቱ አባላት ተሰበሰብን። እኔ ወረዳ ድረስ ሄደን እንክሰስ አልኩ። ሊቀመንበሩ ራሱን ነቀነቀ። "አሜን ያልነው እኛው ነን። የዳኛው ዳጉሳ ደርሶ አጫጅ አጥቶ ቆሟል። ሄደን እንጨድላቸው" አለ።

"ጉቦ እኮ ነው ይሄ!"

"ብንጠይቃቸው ጉቦ ይሆናል። ምንም አንጠይቅም። ስለ ጋሪ አንድ ቃል የተነፈሰ ከምክር ቤቱ ይውጣ" አለ፤ ይህን ሲል እኔን እያየ ነው። ሌላ ማንን ያያል!

እናም ሌሊት ተነሥተን ደቦ ወጣን። ጋሪ ነጂው ሊወስደን መጣ፤ ግን አስፋልቱን ትቶ በወንዙ በኩል፣ በጭቃው ይዞን ገባ። "ኧረ ክልከላው ገና አልጀመረም! በአስፋልቱ ሂድ!" ብዬ ጮህኩ። "አሜን ብያለሁ" አለኝ። ጎማው ሲሰምጥ ወርደን ስንገፋ ነጋብን። እርሻው ስንደርስ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ሆነናል።

ዳኛው ሲያዩን ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። ከፈረሱ እግር እስከ ጋሪው ሳንቃ ጭቃውን በዓይናቸው ለኩት። "በየት ነው የመጣችሁት?" አሉ።

"በወንዙ በኩል፣ አባቴ።"

"አስፋልቱ ምን ሆነ?"

"አሜን ብያለሁ፣ አባቴ" አላቸው ጋሪ ነጂው፣ መሬት መሬት እያየ።

የኛ አጨዳ እንኳ አያድርስ ነው። የከተማ እጅ ማጭድ አይወድም፤ እኔ አውራ ጣቴን ቆርጬ በነጠላዬ ጫፍ አሰርኩት። ያም ሆኖ ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ዳጉሳው ታጭዶ ተከመረ። ባለቤታቸው ጠላና ዳቦ አቀረቡልን። በልተን ጠጥተን ልንነሳ ስንል ዳኛው እንደ ወጉ ሊመርቁን ብድግ አሉ። ብድግ አልን።

"ያጨደ እጃችሁን ይባርክላችሁ!"

ማንም ትንፍሽ አላለም።

"እህሉን ያብዛልን!"

ጸጥ። እርስ በርስ ተያየን። ተማክረን አይደለም፤ ሁላችንም መጨረሻውን ሳንሰማ አሜን ማለት ፈርተን ነው። ሽማግሌ መርቆ አሜን ሲጠፋ እንዴት ያለ የሚያስፈራ ዝምታ እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። ባለቤታቸው በስመአብ ብለው አማተቡ።

ዳኛው መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ ገባቸው። ሳቁ፤ ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን ሳቅ መሆኑ ቀርቶ ዓይናቸውን በኩታቸው ጠረጉ። "ልጆቼን አሜን አስፈራኋቸው" አሉ ለባለቤታቸው። "ምርቃትን ለወጥመድ አዋልኩት።"

ወደ ጋሪ ነጂው ዞሩ። "ና ወዲህ። ዛሬ አንተ መርቅ፤ አሜን እኔ ልበል።"

እኛ አገር ሽማግሌ ቆሞ ልጅ አይመርቅም። ልጁ ላብ በላብ ሆነ። "ኧረ አይገባም አባቴ" ቢል ሰሚ አላገኘ። አለንጋውን መሬት አስቀመጠ፣ እጁን ዘረጋ።

"የተሰበሩትን እናታችንን ይማርልን።"

"አሜን።"

"አሮጊቶቻችንን ከፈረስ እግር ይጠብቅልን።"

"አሜን።"

"በገበያ ቀን... በገበያ ቀን ከጋሪው ወርጄ፣ ቦራን ልጓሙን ይዤ በእግሬ እመራዋለሁ። እንዳልሸጠው ያድርግልኝ።"

ዳኛው ከራሳቸው ላይ ቆባቸውን አወለቁ። "አሜን" አሉ።

ወደ ከተማ ስንመለስ ዳኛው ለቀበሌው ራሳቸው ሊነግሩ ጋሪው ላይ አብረውን ወጡ። መንታ መንገዱ ጋ ስንደርስ ጋሪ ነጂው ቆመ፤ በግራ የወንዙ ጭቃ፣ በቀኝ አስፋልቱ። ዞሮ አያቸው።

"ምን ትጠብቃለህ?" አሉት። "አሜን ብያለሁ እኮ።"